ሕዝቡን ቆጥረው ጳጳስ የጠየቁ ቄስ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስደተኞች አብያተ ክርስቲያናት ስንጽፍ «የፖላንድ ስደተኞችን ታሪክ በ13 ቅጽ ያሳተሙት የሚልዋኪው ቄስ» ብለን በአንድ መስመር አልፈን ነበር። ያቺ መስመር ብዙ ደብዳቤ አመጣችብን። የሚመሳሰሉትን አዋሕደን እንመልሳለን። ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኑም ወሩም ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እኚህ ቄስ ማን ናቸው? ስማቸውን በሦስት ዓይነት ተጽፎ ስላገኘሁት ግራ ገባኝ። (የታሪክ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከስሙ እንነሣ፤ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በፖላንድኛ ደብልዩ እንደ «ቭ»፣ ሲ እንደ «ትስ» ትነበባለች። መሐሏ የተሰረዘች ኤል ደግሞ የእኛ «ው» ናት። ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣ ደብልዩ ወደ «ፍ» ትሄዳለች። ስለዚህ ቫትስዋፍ ክሩሽካ ይባላሉ። እንግሊዝኛው ዌንሰስላስ፣ የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቬንችስላውስ ይላቸዋል። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው።

የተወለዱት በ1868 ዥኒን ከተማ አጠገብ፣ ስዋቦሚዬሽ በምትባል መንደር ነው። ያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ የለችም። ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ቆራርሰው ጨርሰዋታል። መንደራቸው የፕሩሺያ ድርሻ ስለነበረች ልጅነታቸው የፕሩሺያው መሪ ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ከተናነቀበት ዘመን ጋር ገጠመ። በ1874 የፖዝናኑ ሊቀ ጳጳስ ሌዶሆቭስኪ ሳይቀሩ ወኅኒ ወርደዋል። ይህን ስም ያዙልን፤ ወደ ሮም ስንሄድ ይመለሳል።

ክሩሽካ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው ለዓመታት ተማሩ፤ ማኅበሩን ለቀው በ1893 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1895 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ላይ ቅስና ተቀበሉ። የአባታቸው ልጅ፣ ታላቅ ወንድማቸው ሚሃው፣ ቀድሟቸው ሄዶ በ1888 «ኩርየር ፖልስኪ» የተባለ የፖላንድኛ ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር። ወንድሙ ጋዜጣና ማተሚያ ቤት ያለው ቄስ እንደ ሌላው ቄስ አይደለም፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ያለዚህ አይገባም። ብዙም ሳይቆዩ ሪፖን በምትባል ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ የቅዱስ ዌንሰስላስ ቁምስና (እኛ ደብር የምንለው) ተሰጣቸው። ትንሽ ቁምስና ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ጊዜው ግን ሰፊ ነው፤ ታሪኩን የጻፉት እዚያ ተቀምጠው ነው። በ1909 ወደ ሚልዋኪ የቅዱስ አዳልበርት ቁምስና ተዛወሩ፤ በ1937 እስኪሞቱም እዚያው ኖሩ።

ጥያቄ፦ ፖላንዶቹ የራሳቸው ቄስና የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ካላቸው ጳጳስ ለምን አስፈለጋቸው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቄሱ ይቀድሳል፣ ያናዝዛል፤ የሚሾመውና የሚሽረው ግን ጳጳሱ ነው። አዲስ ቁምስና የሚፈቅደው፣ ብድር የሚያጸድቀው፣ በሕንጻው ላይ የመጨረሻ ቃል ያለውም እሱ ነው። በዊስኮንሲን አንድ ቁምስና በሕግ ሰውነት ሲያገኝ አምስት ሰዎች ያስተዳድሩታል፦ ጳጳሱ፣ የጳጳሱ እንደራሴ፣ ቆሞሱ (የቁምስናው አለቃ) እና ሁለት ምእመናን። ስሌቱን ልብ በሉ፤ ሦስት ለሁለት ነው። ጡብ የገዛው ምእመን፣ ድምፅ የሚበዛው ካህን። በሌላ ስፍራ ደግሞ የይዞታ ሰነዱ በቀጥታ በጳጳሱ ስም ይጻፍ ነበር።

ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሚልዋኪ ያለውን የቅዱስ ዮሳፋጥ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱ። ቆሞሱ አባ ቪልሄልም ግሩትዛ ቺካጎ ውስጥ የሚፈርሰውን የፌዴራል ፖስታ ቤትና ጉምሩክ ሕንጻ ድንጋይ በ20,000 ዶላር ገዙ። ድንጋዩ በ500 የባቡር ፉርጎ ተጭኖ ሚልዋኪ ገባ፤ ሕንጻው በ1901 ተባረከ። ርካሽ ግዢ ይመስላል፤ ድንጋዩን ማጓጓዝ፣ ልክ ማስተካከልና ጉልላት ማቆም ግን ቁምስናውን ከማይወጣበት ዕዳ ጨመረው። በ1910 የፍራንሲስካን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያኑን ከነዕዳው ተረከቡት። ቆዳ ፋብሪካና ብረት ማቅለጫ ውሎ የሚገባ ሠራተኛ ከደመወዙ ቆርጦ ይህን ያህል ሲከፍል፣ የሚያዝበት ሰው ቋንቋውን እንኳ አለማወቁ ያንገበግበዋል። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት አብዛኞቹ የአየርላንድ፣ ቀጥሎም የጀርመን ተወላጆች ነበሩ። ፖላንዳዊ አንድም አልነበረም።

ክሩሽካ ይህን ቅሬታ ወደ ነገረ መለኮት ሙግት ለወጡት። በ1901 በኒውዮርክ «ፍሪማንስ ጆርናል» ላይ በእንግሊዝኛ ባወጡት ጽሑፍ ክርክራቸው ይህ ነበር፦ የጳጳስ ዋና ሥራው ማስተማር ነው፤ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሀገረ ስብከትን ቋንቋዎቹን ሳያውቅ የሚረከብ ሰው የማይወጣውን ግዴታ እያወቀ ይሸከማል፤ ስለዚህ ከባድ ኃጢአት ይሠራል። ጳጳሳቱን በኃጢአት መክሰስ ነው። ትክክል ቢሆን እንኳ ብልሃት የጎደለው አነጋገር እንደነበር እኛም እንስማማለን። ሊቀ ጳጳሳቸው ይህን አልረሱላቸውም።

ሌላም ጫና ነበር። በስክራንተን፣ ፔንሲልቬንያ አባ ፍራንቺሼክ ሆዱር በ1897 ከሮም ተለይተው ብሔራዊ የፖላንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሥርተዋል፤ በ1907 ደግሞ በኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት ላይ ጵጵስና ተቀብለዋል። ክሩሽካ ከሮም መለየትን ይቃወሙ ነበር። ሆኖም «ካልሰማችሁን ሕዝቡ ወደዚያ ይሄዳል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ለልመናቸው ጉልበት ሰጥቶታል።

ጥያቄ፦ ወደ ሮም ያደረጉት ጉዞ እንዴት ተሳካ? (ከዋሽንግተን አካባቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባል)

መልስ፦ ከተሳካው ያልተሳካው ይበዛል፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው።

ውክልናው የመጣው ከጉባኤ ነው። የፖላንድ ካቶሊኮች የመጀመሪያ ጉባኤ በ1896፣ ሁለተኛው በ1901 ተደረገ፤ ሁለቱም በኒውዮርክ ግዛት ባለችው በፋሎ ከተማ ነው። ሁለተኛው ጉባኤ ሁለት ሰው መረጠ፦ ክሩሽካንና የበፋሎውን ዕውቅ ቆሞስ አባ ያን ፒታስን። ፒታስ ሳይሄዱ ቀሩ። በምትካቸው ሮውላንድ ማሃኒ የሚባል የቀድሞ የምክር ቤት አባል ተመረጠ፤ ፖላንዳዊ አይደለም፣ ግን ፖለቲካ ያውቃል ተብሎ ነው። እሱም በመጨረሻው ሰዓት በገንዘብ ምክንያት ቀረ። ክሩሽካ በ1903 የበጋ ወራት ብቻቸውን ተሻገሩ።

ጊዜው ደግሞ አልቀናም። ሐምሌ 20 ቀን 1903 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ አረፉ፤ ፒዮስ 10ኛ ነሐሴ 4 ተመረጡ። አዲስ አስተዳደር እስኪረጋ ማንም ስለ ሚልዋኪ የሚያስብ አልነበረም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ እስከ 1908 ድረስ እንደ ሚሲዮን አገር ትቆጠር ስለነበር ጉዳይዋ በሮም የሚታየው በእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ ነው። የዚህ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለአሥር ዓመት የቆዩት እነዚያው በቢስማርክ የታሰሩት ሌዶሆቭስኪ ናቸው፤ ካርዲናል ሆነው። በ1902 ሞቱ። ክሩሽካ በር ሲያንኳኩ ፖላንድኛ የሚናገረው ባለ በር ካለፈ አንድ ዓመት ሆኖታል። የበፋሎው ጉባኤ በ1901 እንደወሰነ ልዑካኑ ወዲያው ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለአንባቢ ትተናል።

ክሩሽካ ወራት ጠበቁ። ሚያዝያ 15 ቀን 1904 ፒዮስ 10ኛ ተቀብለው አነጋገሯቸው፤ ውሳኔው በቶሎና በፍላጎታችሁ መሠረት ይሆናል የሚል የቃል ተስፋ ይዘው ወጡ። ወረቀት ግን አልያዙም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የቃል ተስፋ የሰጪውን ቀን መቁጠሪያ እንጂ የተቀባዩን አይከተልም። በ1905 ሮም ፖላንዳዊውን ሊቀ ጳጳስ አልቢን ሲሞንን አሜሪካ ያለውን ሁኔታ እንዲያዩ ላከች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት አለፈ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ጳጳሱ ተሾመ ወይስ አልተሾመም?

መልስ፦ ተሾመ፤ ግን ክሩሽካ በጠየቁት ቦታም በጠየቁት ሥልጣንም አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 1908 ቺካጎ ላይ ፖል ሮዴ ጵጵስና ተቀበሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ፖላንዳዊ የሮም ካቶሊክ ጳጳስ ናቸው። ሆኖም ረዳት ጳጳስ ነበሩ። ረዳት ጳጳስ ይቀድሳል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ይባርካል፤ ቆሞስ የሚያዛውረውና ብድር የሚፈቅደው ግን ዋናው ሊቀ ጳጳስ ነው። ሮዴ የራሳቸውን ሀገረ ስብከት፣ ግሪን ቤይን፣ ያገኙት በ1915 ነው።

ሚልዋኪ ደግሞ እስከ 1914 ቆየች። ያን ዓመት ኤድዋርድ ኮዝዎፍስኪ ረዳት ጳጳስ ሆኑ፤ በ1915 ሞቱ። በመካከሉ ጠቡ ከርሮ ነበር። በየካቲት 1912 የአካባቢው ጳጳሳት በሚልዋኪው ሊቀ ጳጳስ ሜስመር መሪነት «ኩርየር ፖልስኪ»ን ማንበብ ለካቶሊክ የተከለከለ ነው የሚል ደብዳቤ በየመንበሩ አስነበቡ። ሚሃው ክሩሽካ ንግዴን ጎዳችሁ ብሎ ከሰሰ፤ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1916 ለጳጳሳቱ ፈረደ። ቄሱ ወንድም ከሁለት እሳት መሐል ቆሙ፦ አለቃቸው ሊቀ ጳጳሱ ናቸው፣ ድምፃቸው የወንድማቸው ጋዜጣ ነው። ቅስናቸውን ሳያጡ ማለፋቸው በራሱ ችሎታ ነው ባዮች ነን።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያቶች ከፖላንድ ወደ ሚልዋኪ የመጡ ናቸው። የክሩሽካ መጽሐፍ ዘራቸውን ለማግኘት ይረዳኛል? እንዴት ልጀምር? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ መጽሐፉ የቤተሰብ መዝገብ አይደለም፤ የቁምስና መዝገብ ነው። የሰው ስም ፍለጋ ከገቡበት ባዶ እጅዎን ይወጣሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ስም ይዘው ከገቡ ግን ይጠቅምዎታል። 13ቱ ቅጾች ከ1905 እስከ 1908 በወንድማቸው ማተሚያ ቤት ታተሙ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ስደቱ መነሻ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጋዜጣና ስለ ማኅበራት ይናገራሉ። ከዚያ ወዲያ በየግዛቱና በየከተማው ቁምስና እየለየ ይሄዳል፦ መቼ ተመሠረተ፣ ማን ቀደሰበት፣ ምን ጠብ ተነሣ። ፖላንድኛ ለማያነብ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1990ዎቹ ማውጣት የጀመረው ባለ አራት ቅጽ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ።

ሲያነቡ ይህን ያስተውሉ። ለምሥረታ ዓመትና ለካህናት ተራ መጽሐፉ ጥሩ መነሻ ነው። ስለ ጠብ ሲናገር ግን ጸሐፊው ራሳቸው ከጠበኞቹ አንዱ መሆናቸውን አይርሱ፤ በተለይ የቺካጎዎቹን የትንሣኤ ማኅበር ካህናትና መሪያቸውን አባ ቪንሰንት ባዢንስኪን በጥሩ ዓይን አያዩም። ስለ ሕዝብ ብዛት ሲናገር ደግሞ እጥፍ ይጠንቀቁ። ቁጥሩ የተሰበሰበው ጳጳስ ለመጠየቅ ነው፤ ቁጥር ሙግት ሲሆን ወደ ላይ ያዘነብላል። ቁምስና ደግሞ ራስ ሳይሆን ቤተሰብ ይቆጥራል። 400 ቤተሰብ ያለው ቁምስና በአራት ቢባዛ 1,600፣ በስድስት ቢባዛ 2,400 ነው፤ ልዩነቱ 800 ነፍስ ነው። በሰው ቤት ተከራይቶ የሚያድረው ወንደላጤ አይቆጠርም፤ ከቁምስና ቁምስና የተዛወረው ሁለቴ ይቆጠራል። ለማመዛዘኛ የ1910ሩን የመንግሥት ቆጠራ ይያዙ፦ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፖላንድኛ የሆነ ስደተኞችና ልጆቻቸው በአንድነት ወደ 1.7 ሚሊዮን ነበሩ።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከቅርቡ ተነሥተው ወደ ኋላ ይሂዱ እንጂ ከፖላንድ አይጀምሩ። የአሜሪካ ቆጠራ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ስለሚከፈት እስከ 1950 ያለውን ማየት ይቻላል። የ1890ው አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሣ እሳት ጠፍቷል፤ እሱን ፍለጋ አይድከሙ። የ1900ው የመጡበትን ዓመት ይነግርዎታል። በ1910ሩ የትውልድ አገር ተብሎ ከተጻፈው አጠገብ ቋንቋውን ይመልከቱ፤ «ጀርመን፣ ፖላንድኛ» ካለ ፕሩሺያ፣ «ሩሲያ፣ ፖላንድኛ» ካለ የሩሲያ ድርሻ ነው። አገሩን ሳይለዩ ወደ ፊት መሄድ ዋናው ስሕተት ነው። ቀጥሎ የሚፈልጉት መዝገብ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ የሚወስነው እሱ ነውና፦ በፕሩሺያ ክፍል ከጥቅምት 1874 ወዲህ በጀርመንኛ የመንግሥት የልደት መዝገብ አለ፤ በሩሲያ ክፍል ከ1868 ጀምሮ መዝገቡ በሩሲያኛ ፊደል ነው፤ በኦስትሪያ ክፍል በላቲን በዓምድ የተሰመረ ነው። የሚልዋኪ ፖላንዶች አብዛኞቹ ከፕሩሺያ ክፍል ስለመጡ የእርስዎ ዕድል ወደ ጀርመንኛው ያጋድላል።

የመንደሩን ስም ከሁሉ በላይ የሚሰጠው የሚልዋኪው ቁምስና የጋብቻ መዝገብ ነው፤ ቆጠራው «ጀርመን» ብሎ ባለፈበት ቄሱ አንዳንዴ መንደሩን ጽፎታል። ስሞቹ ላቲን ናቸው። አዳልበርቱስ ማለት ቮይቼህ ነው፤ ይኸው ሰው በፋብሪካ መዝገብ አልበርት ወይም ጆርጅ ሊሆን ይችላል። ስታኒስዋፍ ስታንሊ ይሆናል። የሴት ስም መጨረሻ «ስካ»፣ የወንዱ «ስኪ» ነው፤ ባልና ሚስትን እንደ ሁለት ቤተሰብ እንዳይቆጥሩ። የመርከብ ዝርዝር ከፈለጉ ከሐምቡርግ የተነሡት ከ1850 እስከ 1934 ያለው ተርፏል፤ የብሬመኑ አብዛኛው ጠፍቷል። «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩት» የሚል የቤተሰብ ወሬ ካለ አይቀበሉት፤ ጸሐፊዎቹ የሚሠሩት ከመርከቡ ዝርዝር ላይ ነበር፣ ስደተኞች የሚመዘገቡባት ይህች የኒውዮርክ ደሴትም የተከፈተችው በ1892 ነው። ስም የተቀየረው ከዚያ ወዲህ፣ በፋብሪካና በትምህርት ቤት ደጃፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፖላንዶች አሜሪካ የገቡት በ1608 ነው፣ ስማቸውም ይታወቃል የሚል አነበብኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ጄምስታውን፣ ቨርጂኒያ ላይ ፖላንዳውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሬንጅ፣ ቅጥራንና ለሳሙና የሚሆን አመድ ይሠሩ ነበር። የቨርጂኒያ ኩባንያ በሐምሌ 1619 በጻፈው መዝገብ ክርክራቸው ታይቶ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ነጻነት እንዲኖራቸው፣ ሙያቸውም አብሯቸው እንዳይሞት ወጣቶች እንዲማሩባቸው ተወስኗል። ሙሉ ስሞቻቸው የሚባሉት ግን በ1625 ተጻፈ ከተባለ አንድ ማስታወሻ የመጡ ናቸው፤ ያንን ማስታወሻ በእጁ ይዞ የመረመረ የታሪክ ባለሙያ የለም። ስለዚህ 1619ኙን ይጥቀሱ፤ ስሞቹን ይተዉ። ከኮሎምበስ በፊት ደረሰ የሚባለው የኮልኖው ያንም ከዚሁ ዓይነት ነው።

ከክሩሽካ በኋላ ይህን ማጥራት ከያዙት አንዱ ሚዬቺስዋፍ ሃይማን ናቸው። በ1913 አሜሪካ መጥተው ጋዜጠኛ ሆኑ፤ ቺካጎ ያለው፣ በ1937 የተከፈተው የፖላንዶች ሙዚየም ኃላፊ ሆነው በ1949 እስኪሞቱ ሠሩ። ክሩሽካ የቁምስና ሰው ናቸው፤ ሃይማን የቤተ መዛግብት። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስለተዋጋው ፖላንዳዊ መኮንን ስለ ታዴዎሽ ኮሽቹሽኮ የጻፏቸው ሁለት መጻሕፍት ዛሬም ይጠቀሳሉ።

ጥያቄ፦ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ጳጳስ ትቀበል ከነበረበት ታሪክ ጋር ይመሳሰላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቅሬታው ይመሳሰላል፤ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ ጳጳስ። ጥያቄው ግን ይለያል። ኢትዮጵያውያን በገዛ አገራቸው፣ በመንግሥታቸው ድጋፍ፣ ከአንድ እናት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተደራደሩ፦ በ1921 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ካይሮ ላይ አራት መነኮሳት ጵጵስና ተቀበሉ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። የፖላንድ ስደተኞች ግን በሰው አገር አናሳ ነበሩ፤ የራሳቸውን መንበር ሳይሆን በሌሎች መንበር ውስጥ ወንበር ነው የጠየቁት። መንግሥታቸው እንኳ እስከ 1918 (በአውሮፓውያን) አልነበረም።

ጥያቄ፦ እኛም ውጭ አገር ያለችውን ደብራችንን ታሪክ በ25ኛ ዓመቷ ልናሳትም ነው። ከእነዚህ ሰዎች ምን እንውሰድ? (ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከላይ የጠየቁን የኮሚቴ አባል)

መልስ፦ መጀመሪያ «ተመሠረተች» የሚለውን ቃል ለሦስት ክፈሉት፦ የመጀመሪያው ጸሎት በማን ሳሎን ወይም በየትኛው ተከራይ አዳራሽ ተደረገ፤ በግዛቱ መንግሥት ዘንድ መቼ ተመዘገበች፤ ሕንጻው መቼ ተገዛ። በሦስቱ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ከዚህ ቀደም በየመጽሔቱ የሚጋጩት ዓመቶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምዝገባው ከግዛቱ ጸሐፊ ቢሮ፣ የሕንጻው ሰነድ ከካውንቲው የይዞታ መዝገብ ይገኛል። ከፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ብዙ አትጠብቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነጻ ለመሆን ማመልከት አይጠበቅባትም፣ ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ መግለጫም አታስገባም። ስለዚህ የደብዳቤው አለመኖር ደብሯ አልነበረችም ማለት አይደለም።

ቀን ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር አብራችሁ ጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት፣ ከጥር ወዲህ ስምንት ዓመት ስለሆነ ዓመት ብቻ የያዘ ቃለ ጉባኤ በአንድ ዓመት ሊያሳስት ይችላል፤ ወሩን ካላወቃችሁ ሁለቱን ዓመት በጭረት አያይዙ። ስም ደግሞ የእኛ ትልቁ ወጥመድ ነው። አንድ ሰው በቃለ ጉባኤ በስሙና በአባቱ፣ በባንክ ወረቀት የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ፣ በክርስትና መዝገብ በክርስትና ስሙ ይገኛል። እንደ ቫትስዋፍና ዌንሰስላስ አንድ ሰው ሦስት እንዳይሆንባችሁ መነሻ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስም፣ በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ያለው አጻጻፍ ሁሉ።

ፎቶዎችን በ600 ዲፒአይ፣ ጽሑፎችን በ300 ስካን አድርጉ፤ ዋናውን በቲፍ፣ ለሥራ የሚሆነውን በጄፔግ አስቀምጡ፤ ቅጂው በሦስት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ከደብሩ ውጭ። ከፎቶ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ያልፋል። ሰዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ስም ስጡ፤ ይህን አሁን ካላደረጋችሁ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

ደብር ተከፍሎ ከነበረ፣ ብዙ ቦታ እንደሆነው፣ የወጡትንም ጠይቁ። የክሩሽካ ትልቁ ጉድለት ከዚህ ነው፤ የጠቡን ታሪክ የጻፉት ራሳቸው ከጠበኞቹ አንዱ ሆነው ነው። እያንዳንዱን ወገን ለየብቻ አነጋግሩ፤ የሚያስማማቸውን ቀንና ገንዘብ በጽሑፉ ውስጥ፣ የማያስማማቸውን በተናጋሪው ስም አስፍሩ። አባላትን ስትቆጥሩም የቆጠራችሁበትን መንገድ ጻፉ፦ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍል ነው? በፋሲካ ሌሊት የመጣ ነው? በመዝገብ የሰፈረ ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ከማሳተማችሁ በፊት ረቂቁን በየክፍሉ በደብሩ መጽሔት አውጡት፤ ክሩሽካም መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጡት ነበር። አንባቢ ከማተሚያ ቤት በፊት ያርማል፤ ለዚህ ቢያንስ ስድስት ወር መድቡ፤ ከዚያ በፊት ወረቀት አትግዙ።